ያላዩዋት ዳኞች

በወሲብ ጥቃት ጉዳይ ይግባኝ ሰሚ ዳኞች ተበዳይዋን አያዩዋትም። የሚያነቡት የሥር ፍርድ ቤቱን መዝገብ ግልባጭ ነው። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጋችን በአንቀጽ 147 የምስክር ቃል በአብዛኛው በትረካ መልክ እንዲመዘገብ ያዛል። ስለዚህ አንዲት ልጅ እያለቀሰች፣ እያቋረጠች፣ ውኃ እየተሰጣት የተናገረችው ሁሉ ወረቀት ላይ ሲደርስ «በሩን ዘጋው፤ አፌን አፈነኝ፤ ደፈረኝ» የሚል አጭር አንቀጽ ይሆናል። ምን ተብላ እንደተጠየቀች አይታወቅም። አንገቷን ደፍታ ዝም ማለቷም አልተጻፈም።

ባሕር ዳር ውስጥ ጥብቅና ስሠራ ቆይቻለሁ፤ እንደ ወሲብ ጥቃት ይግባኝ የሚያንገበግበኝ ጉዳይ የለም። በቅርቡ ከሐይቁ ማዶ በጀልባ የመጡ አንዲት እናት ጊዮርጊስ አጠገብ ካለችው ቢሮዬ ገብተው የፍርድ ግልባጭ በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው ሰጡኝ። ማንበብ አይችሉም፤ ውጤቱን ግን ሰምተዋል። ልጃቸውን ደፍሯል ተብሎ የተፈረደበት ሰው በይግባኝ በነጻ ተሰናብቷል።

«ልጄ፣» አሉኝ፣ «ያላዩዋት ዳኞች ውሸቷን እንዴት አወቁት?»

«እማማ፣ መጀመሪያ ላንብበው» አልኳቸው።

አነበብኩት። ችሎቱ ሦስት ምክንያት ሰጥቷል፦ ጎረቤት ጩኸት አልሰማም፤ ልጅቷ ለእናቷ የተናገረችው በሦስተኛው ቀን ነው፤ የሐኪም ማስረጃው በሰውነቷ ላይ አዲስ የጉዳት ምልክት እንዳልታየ ይገልጻል። ሥር ፍርድ ቤቱ ልጅቷን ፊት ለፊት ሰምቶ «ቃሏ የሚታመን ነው» ያለበት ገጽ ግን አንድም ጊዜ አልተጠቀሰም።

አፏ የታፈነ ልጅ ጩኸት ከየት ያምጣ? ሦስተኛ ቀን የሆነውስ ለምንድን ነው? ያስፈራራት ሰው የሚኖረው እዚያው መንደር ነው፤ ጤና ጣቢያ የሚወስዳትም ሰው ያስፈልጋታል። እስከዚያው ገላዋን ታጥባለች፣ ልብሷም ታጥቧል። የሐኪም ወረቀት ያየውን ብቻ ይናገራል፤ ካላየው ተነስቶ «አልተፈጸመም» ማለት የዳኛው ድምዳሜ እንጂ የሐኪሙ ቃል አይደለም። ሰውነትን አይቶ መደምደም እንደማያስተማምን ማሳያ አለ፦ የዓለም ጤና ድርጅትና ሁለት የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት በጥቅምት 2011 ዓ.ም. የድንግልና ምርመራ ሳይንሳዊ መሠረት እንደሌለው ገልጸው እንዲቀር ጠይቀዋል።

ይህ አዲስ በሽታ አይደለም። በ1993 ዓ.ም. አርሲ ውስጥ የ13 ዓመት ልጅ ተጠልፋ ተደፈረች። የወረዳው ፍርድ ቤት በ1995 ዓ.ም. ደፋሪውን 10 ዓመት፣ ግብረ አበሮቹን 8 ዓመት ፈረደባቸው። ወራት ሳይቆዩ የዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በይግባኝ ፍርዱን ሻረው፤ ማስረጃው ፈቃደኝነቷን ያመለክታል ብሎ! አገር ውስጥ ያለው በር ሁሉ ተዘጋ። ጉዳዩ የአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን ደርሶ፣ ኮሚሽኑ በ2008 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ጥፋተኛ አድርጎ 150,000 የአሜሪካ ዶላር ካሳ እንዲከፈላት ወሰነ። ያን ፋይል የይግባኝ ዳኛ ሁሉ ቢያነበው እመኛለሁ።

ተደፍራ የተገደለችው የከተማችን ሕፃን የሔቨን ጉዳይ በ2016 ዓ.ም. ነሐሴ አገር ሲያስለቅስ፣ ብዙ ሰዎች «25 ዓመት የተፈረደበት ሰው ለምን ይግባኝ ይፈቀድለታል?» ብለው ጠይቀውኛል። የሐዘናቸውን ጥልቀት እረዳለሁ። ይግባኝ ግን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 የተሰጠ መብት ነው፤ ሊነካም አይገባም። በስሚ ስሚ ብቻ ለተፈረደበት ሰው ቆሜ በይግባኝ ሲፈታ አይቻለሁ፤ መፈታቱም ትክክል ነበር። ያን ጊዜ ዳኞቹ መዝገቡን ከዳር እስከ ዳር አንብበው እያንዳንዱን ቃል ከሌላው ጋር አገናዝበዋል። ለእኚያ እናት ልጅም የምጠይቀው ይህንኑ ነው። የሚታመን ምስክር ብለው የሥር ዳኞች የተቀበሉትን ሰው ሳያዩ የሚጥሉ ከሆነ ለምን እንደጣሉ ይጻፉ። ከተጠራጠሩም የሥነ ሥርዓት ሕጉ በአንቀጽ 194 ተጨማሪ ማስረጃ አስቀርበው እንዲሰሙ ይፈቅድላቸዋል። ይህ አንቀጽ ሲሠራበት የማየው ከስንት አንዴ ነው፤ ያሳዝነኛል።

አሁን የቀረው ሰበር ነው። ሰበር ሰሚ ችሎት የሚያየው በመጨረሻ ፍርድ ላይ የተፈጸመ መሠረታዊ የሕግ ስህተትን ብቻ ነው፤ ማስረጃ አይመዝንም፤ ብዙ አቤቱታም «ይህ የፍሬ ነገር ክርክር ነው» ተብሎ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ መዝገቡን ለያዘው ዐቃቤ ሕግ ሐሳቤን ጽፌ ሰጥቼዋለሁ። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 620 አስገድዶ መድፈር በኃይል፣ በብርቱ ዛቻ ወይም ተበዳይዋ መከላከል እንዳትችል በማድረግ ሊፈጸም እንደሚችል ይዘረዝራል። ቁስል የሚል ቃል የለበትም፤ ጩኸት የሚልም የለበትም። ሕግ አውጪው ያልጠየቀውን መስፈርት ችሎቱ ጨምሮ በዚያ ምክንያት ነጻ ካሰናበተ፣ የተሳሳተው በሕጉ ላይ ነው፤ ይህ ደግሞ የሰበር ሥልጣን ነው። ዐቃቤ ሕጉ አንብቦ ይህን ነጥብ የአቤቱታው የመጀመሪያ ምክንያት አድርጎታል። ለእናትየዋ ስልክ ደውዬ ነግሬያቸዋለሁ፤ ልጅቷ እንደገና ትጠራ እንደሆነ ጠየቁኝ፣ በሰበር እንደማትጠራ፣ የሚናገርላት መዝገቡ ብቻ እንደሆነ ነገርኳቸው።