ፊደልን ከበርጩማ የጀመረው ልጄ

ልጄ 4 ዓመት ሲሞላው፣ ወደ መዋዕለ ሕፃናት ከመላክ ይልቅ ድሬዳዋ በሚገኘው ቤታችን ለ2 ዓመት ያህል ራሴ ላስተምረው ወሰንሁ። አጀማመሬ ግን የተበላሸ ነበር፤ የፊደል ገበታ ግድግዳው ላይ ለጥፌ፣ ደብተርና እርሳስ ገዝቼ፣ ከምሳ በኋላ ሰዓት መድቤ አስቀመጥሁት። በዚያ ሰዓት የድሬዳዋ ሙቀት ትልቁንም ሰው እንደሚያስተኛ እያወቅሁ፣ ትምህርት ስለሆነ ብቻ ልጁ የሚነቃ መስሎኝ ነበር። በአንድ ወር ውስጥ ሀ ሁን እንደ ዜማ መውረድ ቻለ፤ ከመሀል አንዱን ፊደል ነጥዬ ሳሳየው ግን ከመጀመሪያው ተነሥቶ እየወረደ ካልደረሰበት በቀር አያውቀውም።

አንድ ጠዋት ቡና ልቆላ ስል የሳብሁትን በርጩማ ከጎኑ አየና «እማዬ፣ ይኼ እኮ በ ነው» አለኝ። ጠፍጣፋ አናትና ሁለት እግር ነበረው፤ ስሙም የሚጀምረው በዚያው ፊደል ነው። ገበታውን አወረድሁና ትምህርቱን ወደ ጠዋት፣ ወደ ወጥ ቤት አዛወርሁት። በትሪ ላይ ከሊጥ በ እንሠራለን፤ በቀኝ እግሩ ወገብ ላይ ቅጥያ ስናደርግለት የቡና ቡ፣ ቅጥያውን ወደ እግሩ ጫፍ ስናወርደው የቢላዋ ቢ፣ ግራ እግሩን ስናሳጥረው የባቡር ባ፣ በቀኝ እግሩ ጫፍ ቀለበት ስናስርለት የቤት ቤ፣ ቅጥያው ወደ ግራ ሲሻገር የብርቱካን ብ፣ ቀኝ እግሩ ሲያጥር የቦርሳ ቦ ይሆናል። ሰን እና ከን ራሱ አራብቶ አሳየኝ። ረ ላይ ስንደርስ ደንቡ ፈረሰበትና «ይኼስ ያጭበረብራል» ብሎ ተቆጣ፤ እኔም ልከላከልለት አልቻልሁም።

ሊጥ በማይኖርበት ቀን በትሪ የተዘረጋ አሸዋ ላይ በጣቱ ይጽፍ ነበር። የደቻቱ ወንዝ በበጋ ደረቅ አሸዋ ቢሆንም፣ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሌሊት የመጣውን ጎርፍ የምናስታውስ ሰዎች ልጅ ወደዚያ ለጨዋታ አንሰድም፤ አሸዋውን የወሰድሁት ቤት ከሚያሠሩ ጎረቤቶች ነው።

ቁጥርን ያስተማርሁት እኔ ነኝ ለማለት አልደፍርም። ብቻውን መዋሉ አሳስቦኝ የግቢውን በር ለጎረቤት ልጆች ስከፍት ቀለቦሽ ይዘው ገቡ፤ ጠጠሮቹን አንዷ በኦሮምኛ፣ ሌላው በሶማልኛ ይቆጥራሉ። ጥቂት ቀን እንደቆየ ልጄ የኦሮምኛው ለማ እና ሰዲ ከሶማልኛው ለባ እና ሰዴሕ ጋር እንደሚቀራረቡ፣ አምስት ላይ ደግሞ ሁለቱም ሸን እንደሚሉ ደርሶበት፣ «አምስት ላይ ይገናኛሉ» እያለ ለመጣው እንግዳ ሁሉ ይናገር ጀመር። ከዚያ በኋላ ጨዋታው ውስጥ ገብቼ «ስንት ቀረ?» እያልሁ መጠየቄን ተውሁ፤ እኔ ስጠይቅ ጨዋታው ይበተናል።

ያጎደልሁት ነገር ትምህርት ቤት ሲገባ ታየ። ከክፍሉ ልጆች ሻል አድርጎ ያነባል፣ እርሳስ ሲይዝ ግን ጣቶቹ ይደክማሉ፣ የሚጽፈውም መስመሩን ጥሶ ይወጣል። ደብተሩ ስላስለቀሰው እርሳሱንም አብሬ ማራቄ ስሕተት ነበር፤ ሊጥና አሸዋ የጣትን ኃይል ቢያዳብሩም ቀጭን ነገር መያዝን አያለማምዱም። አሁን 3 ዓመት ለሆናት ታናሽ እኅቱ የቀዘቀዘ ከሰል እየሰጠሁ በጓሮው ግድግዳ ላይ እንዳሻት እንድትስል ፈቅጃለሁ፤ ከሰሉንም በየጊዜው እያሳነስሁ እሰጣታለሁ። ግድግዳው ለፋሲካ ኖራ ይቀባል።