ባዶ ቦታችን ሣር ሲያበቅል

ቴክሳስ ውስጥ ሁለት ባዶ ቦታ አለን። አንዱ ዳላስ ነው፣ ሌላው አርሊንግተን። አቅም ስናገኝ ቤት እንሠራባቸዋለን ብለን ነው የገዛናቸው። መሬት ገዝቶ ዝም ማለት የሚቻል መስሎኝ ነበር።

አይቻልም። ዳላስ ላይ ሣርና አረም ከ12 ኢንች ማለፍ የለበትም። ብዙም የማይርቀው አርሊንግተን የሚፈቅደው ግን 10 ኢንች ብቻ ነው። ሁለት ኢንች ምን ያመጣል አትበሉ። ሚያዝያ ላይ ዘንቦ ፀሐይ ከወጣ ሣሩ ዓይናችሁ እያየ ነው የሚያድገው። እኔ ደግሞ ሁለቱንም በዳላሱ ልክ ነበር የማሳጭደው።

ያስከፈለን ግን ከቁመቱ ይልቅ አድራሻችን ነው። ቤት ስንቀይር አዲሱን አድራሻ ለዳላስ ካውንቲ (እንደ አውራጃ ያለ አስተዳደር ነው) የንብረት ግምት መሥሪያ ቤት አስመዘገብኩ። አርሊንግተን ያለው ታራንት ካውንቲ ውስጥ መሆኑን፣ መዝገቡም ሌላ መሆኑን ልብ አላልኩም። ሣሩ ረዝሟል የሚለው የአርሊንግተን ከተማ ማስጠንቀቂያ ወደ ድሮው አፓርታማ ሄደ። የድሮ ጎረቤታችን ደወሉልኝ፦ «ልጄ፣ የመንግሥት የሚመስል ደብዳቤ መጥቶልሃል።» ሄጄ ስከፍተው፣ ከተጻፈ 11 ቀን ሆኖታል። በቀጥታ ወደ ቦታው ነዳሁ። ሣሩ ታጭዷል፤ ገና እርጥብ ነው፣ ይሸታል። ሂሳቡ ተከትሎ መጣ።

በቴክሳስ ሕግ ባለቤቱ ማስጠንቀቂያ ከተሰጠው በኋላ ያለው 7 ቀን ነው። ካላጸዳ ከተማው አጭዶ ማስከፈል ይችላል። ካልተከፈለ ዕዳው መሬቱ ላይ ይመዘገባል፤ በዓመት 10 በመቶ ወለድም ይታሰብበታል። ደብዳቤው በንብረት ግምት መዝገብ ላይ ወዳለው አድራሻ ይላካል፤ የሚረከበው ጠፍቶ ቢመለስ እንኳ ማስጠንቀቂያው እንደጸና ነው። ይሄኛውን ሳነብ ነው የደነገጥኩት።

አሁን ሁለቱም ካውንቲ ጋ አድራሻችን ተስተካክሏል። መኪናዬ ውስጥ 10 ኢንች ላይ በቀይ ቀለም ያሰመርኩበት ዱላ አለ። ሣሩ 6 ኢንች ሲደርስ ለአጫጁ እደውላለሁ፤ ዝናብ መጥቶ ሥራው ቢዘገይ እንኳ ቀን ይተርፈኛል። ከድንበራችን ውጭ እስከ መንገዱ ጠርዝ ያለውንም እናሳጭዳለን። ሲያልቅ ፎቶ አነሳለሁ፣ ከነቀኑ።

የዳላሱ ቦታ አጠገብ አንድ ሽማግሌ ይኖራሉ። እባብ በጣም ይፈራሉ፤ ሣሩ ረዝሞ ሲያዩ ማታ ከበራቸው አይወጡም። ደንቡ ለምን እንደወጣ የገባኝ እሳቸውን ካወቅሁ በኋላ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ስለካ አዩኝና መጡ። ዱላውን ተቀብለው ራሳቸው ለኩት። 7 ኢንች ነበር። ሰኞ ጠዋት አሳጨድኩት።