ካርታው ሲቀርብ የትኛው ስም ይውጣ?

ባለፉት ጥቂት ወራት በትርፍ ጊዜዬ የአዲስ አበባን ካርታ በአማርኛ ለመሥራት ስጥር ቆይቻለሁ። መንገዱና ሕንፃው በጎ ፈቃደኞች ከሚያዘጋጁት ከኦፕንስትሪትማፕ ስለተገኘ ብዙ አላስቸገረኝም፤ ያደከመኝ ተጠቃሚው በሁለት ጣቱ ካርታውን ሲያቀርብና ሲያርቅ በየደረጃው የትኛው ስም እንደሚወጣ፣ የትኛው ደግሞ ተራውን እንደሚጠብቅ መወሰኑ ነው።

ማጉላቱ ራሱ የሒሳብ ጉዳይ ነው። በተለመደው አሠራር በዜሮ ደረጃ መላው ዓለም 256 በ256 ፒክስል በሆነች አንዲት ካሬ ምስል ላይ ይሰፍራል፤ አንድ ደረጃ በቀረብን ቁጥር እያንዳንዷ ካሬ በአራት ስለምትተካ፣ 18ኛው ደረጃ ላይ ቁጥራቸው ከ68 ቢሊዮን ይበልጣል፤ አንድ ፒክስል በምድር ወገብ ላይ የሚሸፍነው ርቀትም ከ156 ኪሎ ሜትር ወደ 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይወርዳል። ይዘቱን ግን ሒሳቡ አይመርጥልንም። የኮምፒዩተር ተመራማሪዎቹ ኬን ፐርሊንና ዴቪድ ፎክስ እ.ኤ.አ. በ1993 ፓድ የተሰኘውን፣ ሰነዶች ሁሉ በሚቀርብና በሚርቅ አንድ ሰፊ ገጽ ላይ የሚዘረጉበትን ሥራቸውን ሲያቀርቡ ካነሷቸው ሐሳቦች አንዱ ይህ ነበር፦ አንድ ነገር ሲቀርብ መተለቁ ብቻ አይበቃም፤ ለዚያ ርቀት የሚስማማ ሌላ መልክ ይዞ ሊታይ ይችላል።

እኔ የተሳሳትሁት እዚህ ላይ ነው። የአስተዳደር እርከንን ተከትዬ ከሩቅ የክፍለ ከተማ ስሞችን፣ ቀረብ ሲባል የጎዳና ስሞችን አስቀመጥሁ፤ የወጣውም ለመዝገብ ቤት እንጂ ለመንገደኛ የማይሆን ካርታ ነበር። መርካቶ የሚወርድ ሰው «አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ልሄድ ነው» አይልም፤ ፒያሳ የሚቀጣጠርም አራዳ ክፍለ ከተማን አያስብም። የታክሲ ረዳቱ የሚጠራቸው መገናኛ፣ ሜክሲኮ፣ ሳር ቤትና አራት ኪሎ ወሰናቸው በውል ስላልተሠመረ ከእኔ ዝርዝር ግርጌ ወድቀው ነበር። አሁን እነርሱ ቀድመው ይወጣሉ፤ አደባባዩ፣ ቤተ ክርስቲያኑና መስጊዱ ይከተላሉ፤ አብዛኛው የጎዳና ስም መጨረሻ ላይ ይመጣል።

በላቲን ፊደል ካርታ የሚሠሩ ሰዎች ስሞችን በማዕረግ ለመለየት ሁለት የቆዩ ዘዴዎች አሏቸው፤ የአገርን ስም በትልልቁ ፊደል፣ የወንዝን ስም በሰያፍ ይጽፋሉ። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ብሎ አይለይም፤ ሰያፍም በጽሕፈት ልማዳችን ሥር የለውም፣ ኮምፒዩተሩ በግድ ሲያዘነብለው ሊወድቅ የደረሰ አጥር ይመስላል። ስለዚህ የቀሩኝ ውፍረት፣ ቀለም፣ በፊደላት መካከል ያለው ክፍተትና መጠን ናቸው። መጠኑም ቢሆን ከተወሰነ ልክ በታች አይወርድም። «ሉ»ን ከ«ሊ» የሚለየው የቅጥያዋ ቦታ ብቻ ነው፤ ጽሑፉ ሲያንስም «ለቡ» የሚለው ሰፈር «ለቢ» ተብሎ ይነበባል። በላቲን 10 ፒክስል የበቃኝ ጽሑፍ በአማርኛ 13 ጠይቆኛል። የሚያጽናናው፣ አማርኛው በቁመት የወሰደውን በርዝመት መመለሱ ነው፤ በላቲን ዘጠኝ ሆሄ የሚፈጀው መገናኛ በእኛ አራት ነው።

ከከተማው ዳር ባለ ሜዳ ላይ ካርታው አብዝቶ ሲቀርብ ስክሪኑ ባዶ ሆኖ ይቀራል። ተመራማሪዎቹ ሱዛን ጁልና ጆርጅ ፈርናስ እ.ኤ.አ. በ1998 ይህን መሰሉን ሁኔታ የበረሃ ጉም ብለውታል። እኔም የቅርቡን ሰፈር ስም ከስክሪኑ አናት እንዳይጠፋ አድርጌ አለፍሁት።

ለየቦታው ያዘጋጀሁት ረዘም ያለ ማብራሪያ ግን በዚህ መንገድ አልተገራልኝም። ካርታን በፈለግነው አቅጣጫ ብንጎትተው አይከፋም፤ ጽሑፍ ሲጎላ ግን አንባቢው ለእያንዳንዱ መስመር ወደ ግራና ቀኝ መመላለስ ካለበት ንባቡን ይተወዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያም ጽሑፍ እስከ 320 ፒክስል በጠበበ ስፋት ውስጥ ወደ ጎን ሳይጎተት እንዲነበብ ይጠይቃል። መስመሩ እንደገና መታጠፍ አለበት ማለት ነው፤ እዚህ ላይ ደግሞ እንደ «እንዳልተመለከቷቸውም» ያሉት ረጃጅም ቃሎቻችን ከመስመሩ ጫፍ ሳይገቡ ቀርተው ሰፊ ባዶ ቦታ ይተዋሉ። የብራና ጸሐፊዎች ሁለት ነጥብ የቃሉን ፍጻሜ ስለሚያሳይላቸው ቃልን ከየትኛውም ፊደል ላይ ቆርጠው ወደ ቀጣዩ መስመር ያሻግሩ ነበር። እኔም ፊደሉ በጣም ሲጎላ እንዲሁ እንዲሆን ሞከርሁ፤ ይሁንና ሁለት ነጥቡ በባዶ ቦታ ከተተካ በኋላ የተቆረጠው ቃል ሁለት ቃል እየመሰለ ስላስቸገረ፣ መልሼ አወጣሁት።