የዳገት ሂሳብ

ድሬዳዋ በባቡር የሄድኩት ናፍቆት ይዞኝ አይደለም፤ ሂሳብ ሠርቼ ነው። ቪትዜን ይዤ ብወጣ ደርሶ መልስ 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። የሚፈጀውን ሊትር በማደያ ዋጋ ሳባዛው መኪናዋን ሸራ አልብሼ ፉሪ ለቡ ሄድኩ። ባቡሩ በኤሌክትሪክ ስለሚሄድ የቤንዚን ወሬ አይነካውም። አዳማን፣ አዋሽን፣ ሚኤሶን በእንቅልፍ አለፍኳቸው።

ወሬው ድሬ ጣቢያ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ያለ ስለሆነ ባጃጅ የግድ ነው። ልጁ "ፋዘር፣ 400" አለኝ። ከዋጋው ይልቅ ፋዘር መባሌ አናደደኝ።

"ምነው፣ አውሮፕላን ነው እንዴ?"

"አቦ፣ ቤንዚኑን በሃይላንድ ነው የገዛሁት!"

ከመቀመጫው ሥር ጎትቶ አሳየኝ። ባለ ሁለት ሊትር የውሃ ፕላስቲክ ነው፤ አፉ በፌስታል ታስሮ ክዳኑ ከላይ ተጠምዝዞበታል። ከግማሽ በታች ቀርቷል። ሌሊት 9 ሰዓት ወጥቶ ማደያ ተሰልፎ፣ ረፋዱ ላይ ተራው ሊደርስ ጥቂት መኪና ሲቀር "አልቋል" ተባለ። ከዚያ መንደር ለመንደር የሚሸጡት ጋ ሄዶ በእጥፍ ገዛ። በ250 ተስማማን።

መንገድ ላይ ሲያወራኝ ውድነቱን እንደ ክረምት ጭቃ ለምዶታል። "ዋጋ ሲጨምር ተሳፋሪ ላይ እጨምራለሁ" አለኝ። "ተሰልፌ ያባከንኩትን ቀን ግን ማን ላይ ልጨምር?" ክፍያው በስልክ ከሆነ ወዲህ ደግሞ ኔትወርክ ሲጠፋ ማደያው ቤንዚኑን ታቅፎ ይቆማል። እኔ አዲስ አበባ ግማሽ ሰዓት ከተሰለፍኩ ሳምንቱን ሙሉ የማወራ ሰው ነኝ። እዚህ ዝም አልኩ።

ሐምሌ 2014 መንግሥት ድጎማውን ቀስ በቀስ ማንሳት ሲጀምር ቤንዚን በሊትር 47 ብር ከ83 ሳንቲም ነበር። ያኔም ጮኸናል። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ፤ በ2017 አንድ ሊትር መቶ ብርን ዘለለ። ነዳጁ በዶላር ተገዝቶ ነው የሚገባው፤ ብር ሲወርድ ማደያው ይወጣል። የሚገርመው ድሬ ከጅቡቲ ያላት ርቀት 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቅርበቱ ሰልፉን አላሳጠረውም። ልጁ እንደሚለው የበጀው ለኮንትሮባንድ ነው።

ከዚራ ሰፈር ውስጥ አንድ እንግዳ ማረፊያ ያዝኩ። ዛፉና አሮጌው ቤት ደስ ይላል። ክፍሉ ውስጥ ኤሲ አለ፤ ሪሞቱ ግን የለም። ወርጄ ጠየቅኩ።

"ጋሼ፣ ሪሞቱ ለብቻው ነው። 300 ብር።"

"ኤሲውን ለማየት ነው እንዴ የከፈልኩት?"

ልጅቷ ሳቀች እንጂ አልቀነሰችም። የመብራት ታሪፍ ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሩብ ዓመቱ እየጨመረ ነው፤ ጭማሪው ታዲያ እኔ ክፍል ድረስ መጣ። እልህ ይዞኝ ሳልከፍል ተኛሁ። ቬንትሌተሩ ሙቁን አየር ከግድግዳ ወደ ግድግዳ ሲያመላልስ አደረ። ሁለት ጊዜ ተነስቼ ሻወር ወሰድኩ። ሁለተኛው ላይ ውሃው ራሱ ሞቆ ነበር።

ጠዋት ሆጃ የሚባለውን ትኩስ መጠጥ ፍለጋ ወጣሁ። የምትሸጠው ሴትዮ የሌሊቱን ስነግራት ከልቧ አዘነችልኝ፤ ሁለተኛውን ብርጭቆ አላስከፈለችኝም። ጀርባዋ ላይ የኤሌክትሪክ ምጣድ ተጥዷል፤ ሦስት ሴቶች ሊጣቸውን በባልዲ ይዘው ወረፋ ይጠብቃሉ።

"ለእንጀራ ሽያጭ ነው?" አልኳት።

"አይ ወንድሜ፣ ለየቤታችን ነው። ምጣድ ብዙ መብራት የሚበላው እስኪግል ነው። አንዴ ከጋለ ለአራታችንም እንደ አዲስ ማጋል የለም።"

እስከዚህ ማንም ያስበዋል። ቀጥሎ የነገረችኝ ግን አስቀናኝ። መብራት ብዙ በተጠቀምክ ቁጥር የአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋ ራሱ ከፍ ይላል። ሁሌ በእሷ ቆጣሪ ቢጋገር እሷ ብቻ ወደ ውዱ እርከን ትወጣለች። ስለዚህ ምጣዱ ይዞራል፤ ዛሬ እሷ ቤት፣ በሚቀጥለው ጎረቤቷ ቤት። የማንም ካርድ ቶሎ አያልቅም። ወጡ በከሰል ነው፤ ከሰሉም ረክሶ አይደለም። እኛ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ስንት ምጣድ በአንድ ቅዳሜ ለየብቻው እንደሚግል አስቤ ተናደድኩ። የሦስተኛ ፎቅ ጎረቤቴን ስም እንኳን አላውቅም፤ ሊጥ ይዤ በሩን ላንኳኳ?

ወደ ሐረር በሚኒባስ ወጣሁ። 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከ1,200 ሜትር አካባቢ ተነስቶ ደንገጎ ላይ ወደ 2,000 ሜትር ይጠጋል። የድሮው የባቡር ሐዲድ ይህን ዳገት ፈርቶ ነው ሐረርን ትቶ ከታች የቀረው። የአቀበቱ ወጪ ስለከበደ በ1902 እ.ኤ.አ. ሜዳው ላይ ጣቢያ ተተከለ፤ ድሬዳዋ ተወለደች። ሾፌሩም እንደ ባቡሩ ዳገት ይጠላል። ትርፍ ሰው ሳይጭን ንቅንቅ አላለም፤ እኔና አንድ የጫት ጆንያ አንድ ወንበር ተካፈልን። አወዳይ ላይ ጆንያው ሲወርድ ደረቴ ተነፈሰ።

ሐረር ላይ ደስ ያለኝ ሰማያዊዋ ፔጆ 404 ናት። ባለቤቷ ሽማግሌ ናቸው። የነዳጅ ጌጁ ከሞተ ቆይቷል። ከመነሳታቸው በፊት ወርደው መኪናዋን ከኋላ ወዝወዝ ያደርጉና ጆሯቸውን ይጥላሉ።

"ጋሼ፣ ምን እየሰሙ ነው?"

"ቤንዚኑን። ሲንቦጫረቅ ይበቃኛል። ዝም ካለ ከጀጎል አልወጣም።"

ሁልጊዜ ቁልቁል ያቆሟታል፤ ገፋ ሲያደርጓት ትነሳለች። ተሳፋሪ ሲጭኑ ሞተር ያጠፋሉ። የጠየቁኝን ከፈልኩ፤ መከራከርም አላማረኝ።

መልሱ ላይ፣ ደንገጎን እንዳለፍን፣ የሚኒባሱ ሾፌር ሞተሩን አጥፍቶ ያለ ማርሽ፣ በፎሌ፣ ቁልቁል ለቀቀው። ድምፁ ሲጠፋ ጆሮዬ ቆመ። ሞተር ሲጠፋ የፍሬን መርገጫው አልረገጥ ይላል፣ መሪ ይከብዳል፤ ያ መንገድ ደግሞ ጥምዝ ብቻ ነው። የሰፈሬ መካኒክ ያስተማረኝን ነገርኩት። ማርሽ ውስጥ ሆነህ ነዳጅ መስጫውን ከለቀቅክ ፓምፑ ራሱ ነዳጁን ይቆርጠዋል፣ ሳታጠፋውም አይበላብህም አልኩት።

"ያ ለአዲስ መኪና ነው" አለ ሳይዞር።

ከኋላ አንዲት እናት ጣልቃ ገቡ። "ልጄ፣ ነዳጁን ተወውና እኛን ቆጥብ!" ተሳፋሪው ሁሉ አጉረመረመ። ሞተሩን አስነስቶ ሦስተኛ አስገባ፤ ፊቱ ግን እስከ ድሬ ድረስ አልተፈታም።

ስወርድ ሂሳቡ ከመውጫው ጋር እኩል ነው። "ቁልቁለቱን እኮ በነፃ ነው የመጣኸው" አልኩት።

"ዳገቱንስ ማን ከፈለልኝ?"

አሥር ብር መልስ ነበረኝ። ዝርዝር የለም አለኝ።