ጮቄን በፊደል ገበታ መመስጠር

ስለ ኮድ ሰባሪዎችና ስለ ሒሳብ የተጻፉ ወፋፍራም ልብ ወለዶች አንባቢን የሚያደክሙት ስሌቱ ጋ ሲደርስ ነው። በደብረ ማርቆስም ሆነ በባሕር ዳር እንዲህ ያለ መጽሐፍ የጀመራችሁ ያን ገጽ አትዝለሉት። እርሳስና የፊደል ገበታ ይዛችሁ በአማርኛ ሥሩት፤ የመጽሐፉ ጣዕም ያለው እዚያ ነው።

ገበታው ከሀ እስከ ፐ 33 ረድፍ፣ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ 7 ዓምድ አለው። «ጮቄ»ን እንመስጥር። ጮ (28፣ 7)፣ ቄ (9፣ 5) ናቸው። ቁልፉ «ባጺ» ይሁን፦ (10፣ 4) እና (30፣ 3)። ረድፍን ከረድፍ፣ ዓምድን ከዓምድ ደምሩ፤ ረድፉ ከ33 ካለፈ 33፣ ዓምዱ ከ7 ካለፈ 7 ቀንሱ። የመጀመሪያዋ (5፣ 4) ትሆናለች፣ ሣ። ሁለተኛዋ (6፣ 1)፣ ረ። የሚላከው «ሣረ» ነው። ተቀባዩ ቁልፉን ይቀንሳል፤ ዜሮ ወይም ከዜሮ በታች ሲመጣበት 33 ወይም 7 ይጨምራል።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ግልበጣው ላይ ነው። በተራ ጽሑፍ ሣን ሳ ብሎ መጻፍ አይጎዳም። እዚህ ግን ሳ 7ኛ ረድፍ ስለሆነች ሲፈታ በጮ ፈንታ ጾ ይወጣል። ቋን የመሰለ ፊደል ገበታው ላይ ስለሌለ ቅዋ ተብሎ ይጻፍ።

ቁልፉን ከዳዊት ወይም ከምትወዱት ቅኔ አትቅዱ። የሰው ቋንቋ ሳድስ ይበዛበታል፣ ቃላቱም ይገመታሉ። 33 እና 7 ቁራጭ ወረቀት ቁጥር ጽፋችሁ በሁለት ጣሳ አድርጉና ለእያንዳንዱ ፊደል ከሁለቱም አንድ አንድ አውጡ፤ ያወጣችሁትን መልሳችሁ በደንብ በጥብጡ። ቁልፉ የመልእክቱን ያህል ይርዘም፣ አንዴ ከሠራም ይቃጠል።

በአንድ ቁልፍ ሁለት መልእክት ከተላከ ግን አንዱ ከሌላው ሲቀነስ ቁልፉ ይጠፋና የሁለቱ ጽሑፎች ልዩነት ብቻ ይቀራል። እ.ኤ.አ. ኦገስት 30 ቀን 1941 አንድ የጀርመን ቴሌግራፍ ሠራተኛ 4,000 ያህል ፊደል ያለው መልእክት በዚያው የመመስጠሪያ ማሽን አቀማመጥ ደግሞ ላከ፤ በሁለተኛው ጊዜ አንዳንድ ቃል አሳጥሮ ነበር። እንግሊዛዊው ጆን ቲልትማን ከዚያ ልዩነት ሁለቱንም ጽሑፍ አወጣ፤ ቢል ታት ደግሞ ማሽኑን በዓይኑ ሳያይ አሠራሩን ደረሰበት። በአማርኛ ለመሞከር ሁለት ረዘም ያሉ መልእክቶችን በአንድ ቁልፍ መስጥሩና «ጎጃም»ን በልዩነቱ ላይ በየቦታው እየደመራችሁ ሂዱ፤ ቃሉ በተቀነሰው መልእክት ውስጥ ካለ በትክክለኛው ቦታ ላይ የሌላው መልእክት ሦስት ፊደል ይወጣል።