አትክልት ሲያዞር ከነበረ ድርጅት የወጣ አምቡላንስ

እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ ድረስ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካዋ ፒትስበርግ ከተማ ሰው በድንገት ታሞ ሲወድቅ በአብዛኛው የሚጠራው ፖሊስ ነበር። ፖሊሶቹም በሽተኛውን እስረኛ በሚያመላልሱበት መኪና ውስጥ ያጋድሙትና እሱን ከኋላ ብቻውን ትተው ሁለቱም ከፊት ተቀምጠው ወደ ሆስፒታል ይነዳሉ። በእኛ ገጠር ቃሬዛ የሚሸከሙ ጎረቤቶች ሕክምና ባይማሩም በሽተኛውን ብቻውን አይተዉትም ነበር። ጥቁሮች በሚኖሩበት ሂል ዲስትሪክት በተባለው የከተማዋ ሠፈር ደግሞ ችግሩ ይብስ ነበር፤ ፖሊስ ቢጠራ ይዘገያል ወይም ጭራሽ ይቀራል፣ ነዋሪውም ፖሊስን ወደ ደጁ መጥራት ይፈራል።

በ1966 የከተማዋ የቀድሞ ከንቲባና የፔንሲልቬኒያ ግዛት የቀድሞ አገረ ገዥ ዴቪድ ሎረንስ በንግግር ላይ ሳሉ ተዝለፍልፈው ወደቁና በፖሊስ መኪና ተወሰዱ፤ ሕይወታቸውን ግን ማትረፍ አልተቻለም። የቆመን ልብ በእጅ ግፊትና በትንፋሽ የማነቃቃትን ዘዴ ካዳበሩት ሐኪሞች አንዱ የነበሩት ዶክተር ፒተር ሳፋር በዚያው ዓመት የገዛ ልጃቸውን በአስም አጥተው ነበር። በ1967 የአንድ የበጎ አድራጎት ፈንድ ኃላፊ የነበሩት ፊል ሃለን እኚህን ሐኪም ከፍሪደም ሃውስ ጋር አገናኟቸው። ፍሪደም ሃውስ ለሠፈሩ ጥቁሮች ሥራ ለመፍጠር የቆመና አትክልት በመኪና የሚያዞር ድርጅት ነበር። ከዚህ ግንኙነትም የሠፈሩን ሰዎች የሚያሠለጥንና የሚቀጥር የአምቡላንስ አገልግሎት ተወለደ።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ የምልምሎቹ ማንነት ነው። ከቬትናም የተመለሱ፣ ሁለተኛ ደረጃን ያልጨረሱ፣ ከእስር የወጡ፣ «ለሥራ አይሆኑም» የተባሉ ሰዎች ነበሩ። ሳፋር ግን ሥልጠናውን አላቀለሉላቸውም፤ 300 ሰዓት ያህል የሰውነት አካላትን አሠራር፣ የመተንፈሻን መንገድ መክፈትንና ልብን ማነቃቃትን ተማሩ፣ በሆስፒታል ክፍሎችም ተለማመዱ። በመጀመሪያው ዓመት ወደ 5800 ለሚጠጉ ጥሪዎች ደረሱ። በ1974 የአገልግሎቱ የሕክምና ኃላፊ የሆኑት ዶክተር ናንሲ ካሮላይን ከእነዚሁ ሠራተኞች ጋር እየሠሩ ያዘጋጁት ትምህርት ለአገር አቀፉ የፓራሜዲክ (ከሆስፒታል ውጭ ድንገተኛ ሕክምና የሚሰጥ ባለሙያ) ሥልጠና መሠረት ሆነ።

የከተማው አስተዳደር ግን በ1975 የራሱን አገልግሎት አቋቁሞ ከፍሪደም ሃውስ ጋር የነበረውን ውል አቋረጠ። የፍሪደም ሃውስ ሠራተኞች ወደ አዲሱ ተቋም ቢዛወሩም፣ ሲሠሩበት በኖሩት ሙያ እንደገና እየተፈተኑና ከነሱ ያነሰ ልምድ ባላቸው ሰዎች ሥር እየተመደቡ አብዛኞቹ ቀስ በቀስ ለቀው ወጡ። ከቀሩት ጥቂቶች አንዱ ጆን ሙን፣ ከዓመታት በኋላ የዚያው የከተማ አገልግሎት ረዳት ኃላፊ ሆነው ጡረታ ወጡ።