በቨርጂኒያ አምቡላንስ ላይ ለመሥራት፦ ከኮርስ እስከ ፈቃድ የሄድኩበት መንገድ

አምቡላንስ ላይ መሥራት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ሊለያቸው የሚገቡ ሦስት ነገሮች አሉ፤ ብዙ ሰው አንድ አድርጎ ስለሚያያቸው ጊዜውንም ገንዘቡንም ያባክናል። የመጀመሪያው የኢ.ኤም.ቲ. (የአምቡላንስ የድንገተኛ ሕክምና ባለሙያ) ኮርሱን መጨረስ ነው። ሁለተኛው የናሽናል ሬጂስትሪን ፈተና ማለፍ ነው። ሦስተኛው ስቴቱ የሚሰጠው የሥራ ማረጋገጫ ነው። ናሽናል ሬጂስትሪ በ1970 የተቋቋመ፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ የሆነ ድርጅት ነው፤ የመንግሥት አካል አይደለም። ካርዱ «ይህ ሰው ፈተናውን አልፏል» ይላል እንጂ ሕመምተኛ ለመንካት አይፈቅድም። የሚፈቅደው ስቴቱ ነው። በቨርጂኒያ ደግሞ የስቴቱ ሰርተፊኬት በእጅ ኖሮም ብቻውን አያሠራም፦ ፈቃድ ባለው የአምቡላንስ ድርጅት ውስጥ መታቀፍና የድርጅቱ ሜዲካል ዳይሬክተር በሆነው ሐኪም ኃላፊነት ሥር መሆን ያስፈልጋል።

ይህን የምጽፈው በተለይ አገር ቤት ነርስ ወይም ጤና መኮንን ለነበሩ ነው። የኢትዮጵያ የሙያ ፈቃድ ኮርሱን አያስቀርም። ሙሉውን መውሰድ ግድ ነው፤ ከ150 ሰዓት በላይ ይሆናል። የማታ ወይም የቅዳሜና እሁድ ክፍል ከሆነ ከሦስት እስከ አምስት ወር ይፈጃል። ዕውቀቱ ስላላችሁ የሕክምናው ክፍል ይቀላችኋል። የሚከብደው ሌላ ነው፣ ከታች እመለስበታለሁ።

ከምዝገባ በፊት ስም አስተካክሉ። እኛ ዘንድ ይህ ትልቅ ጣጣ ነው። መንጃ ፈቃዱ ላይ የአባት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ፣ ግሪን ካርዱ ላይ የአያት ስም ተጨምሮ፣ የትምህርት ቤቱ መዝገብ ላይ ደግሞ ፊደሉ በሌላ አጻጻፍ ይገባል። ፈተናው በሚሰጥበት የፒርሰን ቪዩ ማዕከል በር ላይ የሚያዩት የመታወቂያችሁ ስም ከፈተናው ምዝገባ ጋር መግጠሙን ነው፤ ካልገጠመ ይመልሷችኋል፣ የከፈላችሁትም ሊቀር ይችላል። እኔ የያዝኩት መንገድ መንጃ ፈቃዱን መሠረት አድርጎ የሬጂስትሪውን አካውንት፣ የትምህርት ቤቱን መዝገብና የሲ.ፒ.አር. (ልቡ የቆመን ሰው ደረት በመጫንና ትንፋሽ በመስጠት የማዳን ሥልጠና) ካርዱን በዚያው አጻጻፍ መሙላት ነው።

ሁለተኛው ወረቀት የጤና ማረጋገጫው ነው። ለሆስፒታልና ለአምቡላንስ ልምምድ የሄፓታይተስ ቢ፣ የኩፍኝና የጉድፍ ክትባት ማስረጃ እንዲሁም የቲቢ ምርመራ ይጠየቃል። አገር ቤት በሕፃንነታችን ክንድ ላይ የተወጋነው የቲቢ ክትባት፣ ቢ.ሲ.ጂ.፣ በቆዳ ምርመራው ላይ «ፖዘቲቭ» ሊያስመስል ይችላል፤ ከዚያ የደረት ራጅ፣ ቀጠሮ፣ መዘግየት ይከተላል። ገና ከመጀመሪያው የደም ምርመራውን ጠይቁ፤ ቢ.ሲ.ጂ. አያሳስተውም። የክትባት ካርዳችሁ ከጠፋ ደግሞ በደም ውስጥ ያለውን የመከላከያ መጠን ማስለካት ይቻላል። የሲ.ፒ.አር. ካርዱም ለጤና ባለሙያ የሚሰጠውና በአሻንጉሊቱ ላይ በእጅ የተፈተናችሁበት መሆን አለበት፤ ኢንተርኔት ላይ ብቻ በአንድ ሰዓት የሚያልቀውን አይቀበሉም።

አሁን ወደ ፈተናው። ክፍያው 104 ዶላር ነው፣ ጊዜው ሁለት ሰዓት፣ ጥያቄው ከ70 እስከ 120። ኮምፒዩተሩ በመልሳችሁ መሠረት የሚቀጥለውን ጥያቄ ይመርጣል፤ ወደ ኋላ ተመልሶ ማረም የለም። 70ኛው ላይ ቢዘጋ አለፍኩ ወይም ወደቅሁ ማለት አይደለም፤ ኮምፒዩተሩ ስለ እናንተ እርግጠኛ ሆኗል ማለት ብቻ ነው። ጥያቄው እየከበደ ሲሄድ አትደንግጡ፣ ጥሩ ስትመልሱ የሚሆነው እንደዚያ ነው።

ከሚያዝያ 2025 ወዲህ ፈተናው የተከፋፈለው በበሽታ ዓይነት ሳይሆን በሥራው ቅደም ተከተል ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ድርሻ፣ ከ39 እስከ 43 በመቶ፣ የመጀመሪያ ደረጃ ምርመራ ነው። ሕክምናና ማጓጓዝ አንድ ላይ ከ20 እስከ 24 በመቶ ብቻ ናቸው። ይህን ቁጥር አይቼ የጥናት ጊዜዬን እንደገና ደለደልኩት። በመድኃኒትና በሕመም ዓይነት ላይ ይውል የነበረውን ሰዓት «አሁን ቀድሞ ምን ይደረጋል?» በሚሉ ጥያቄዎች ላይ አዋልኩት።

ሆስፒታል የሠራ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ጥያቄ አስቡ፦ ሞተር ሳይክል የገለበጠው ወጣት እያንኮራፋ ይተነፍሳል፤ ጭኑ ላይ ደሙ እየተፈናጠረ ነው። የቀረቡት ምርጫዎች መተንፈሻውን መክፈት፣ ኦክስጅን መስጠት፣ ቱርኒኬት (ደም ማቆሚያ ማሰሪያ) ማሰር፣ ደም ግፊት መለካት ናቸው። የተማርነው «መተንፈሻ፣ አተነፋፈስ፣ ዝውውር» ነውና እጃችን ወደ መጀመሪያው ይሄዳል። ትክክለኛው ቱርኒኬቱ ነው። በደቂቃዎች ውስጥ የሚገድል የደም መፍሰስ ከሁሉ ይቀድማል። ከቁስሉ በላይ ከአምስት እስከ ስምንት ሴንቲሜትር ርቆ፣ መገጣጠሚያ ላይ ሳያርፍ፣ ደሙ እስኪቆም ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል፤ ሰዓቱም ይጻፋል። በጥያቄው መነሻ ላይ መኪኖች እየተመላለሱ ነው ወይም ቤንዚን ፈስሷል ከተባለ ግን ቱርኒኬቱም ሁለተኛ ነው፤ መጀመሪያ የስፍራው ደኅንነት። ሆስፒታል ውስጥ ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ የለም፣ ክፍሉ ሁልጊዜ ደኅና ነውና። ልማዱን ለመለወጥ የረዳኝ እያንዳንዱን ጥያቄ ሳነብ ምርጫዎቹን በእጄ ሸፍኜ፣ ከቅደም ተከተሉ የት ደረጃ ላይ እንዳለሁ በቃል መናገር ነው።

ሌላው ስህተት ከሥልጣን ማለፍ ነው። ኢ.ኤም.ቲ. ደም ሥር አይከፍትም። ለደረት ሕመም ሕመምተኛው አስፕሪን እንዲያኝክ ያደርጋል፣ በተለምዶ ከ162 እስከ 324 ሚሊግራም። ሕመምተኛው ለልቡ የታዘዘለት የራሱ ናይትሮግሊሰሪን ካለው እንዲወስድ ይረዳል፤ ነገር ግን የላይኛው ደም ግፊት ከ100 በላይ መሆኑንና ሰውየው ባለፉት ቀናት ቫያግራን የመሰለ መድኃኒት አለመውሰዱን ሳይጠይቅ አይሰጥም።

ከኮምፒዩተሩ ፈተና ሌላ ያለውን የእጅ ፈተና የሚያዘጋጁት ስቴቱና ትምህርት ቤቱ ናቸው። መመዘኛው ወረቀት ላይ በቁልፍነት የተለዩ ነጥቦች አሉ፤ አንዷን ከሳታችሁ ሌላው ሁሉ ትክክል ቢሆንም ትወድቃላችሁ። ጓንት ማድረግንና «ስፍራው ደኅና ነው?» ማለትን በድምፅ ተናገሩ። ፈታኙ የሚመዘግበው ያየውንና የሰማውን ነው፣ በልባችሁ ያሰባችሁትን አይደለም።

የኦክስጅኑ ጣቢያ ቀላል ይመስላል፤ ብዙ ሰው ግን ይወድቅበታል። ሬጉሌተሩን (የግፊትና የፍሰት መቆጣጠሪያውን) ከመግጠማችሁ በፊት የሲሊንደሩን ቫልቭ ለአፍታ ከፍታችሁ አቧራውን አስወጡ። በመግጠሚያው ላይ ትንሿ ቀለበት መኖሯን በዓይን እዩ፤ ከጎደለች አየሩ ፉጨት እያሰማ ይወጣል። ቫልቩን ክፈቱ፣ ግፊቱን አንብቡ፣ ፍሰቱን በደቂቃ 15 ሊትር አድርጉ። ቀጥሎ የሚረሳው ይመጣል፦ ማስኩን ፊት ላይ ከማድረግ በፊት በጣት የማስኩን ቫልቭ ደፍኖ ከሥሩ የተንጠለጠለውን ከረጢት በኦክስጅን መሙላት። ባዶ ከረጢት ያለው ማስክ ሕመምተኛውን ያፍነዋል።

ሲሊንደሩ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ ማስላት ደግሞ ለሥራው ራሱ ነው። ለዲ መጠን ሲሊንደር፣ ማለትም በእጅ ለሚያዘው ትንሹ፣ መለኪያው ላይ በፒ.ኤስ.አይ. ከሚነበበው ግፊት 200 ይቀነሳል፣ በ0.16 ይባዛል፣ ለፍሰቱ ይካፈላል። ሙሉው 2,000 ከሆነ 1,800 ጊዜ 0.16 ማለት 288 ሊትር ነው፤ በ15 ሊትር ፍሰት 19 ደቂቃ። 1,000 የሚያነበው ግን ግማሹን እንኳ አይሰጥም፣ ስምንት ደቂቃ ተኩል ብቻ። ፎቅ ወርዶ፣ አሳንሰር ጠብቆ፣ መኪናው ውስጥ ወዳለው ትልቁ ሲሊንደር ለመድረስ ይህ ጠባብ ነው። ፈረቃ ስትረከቡ መጀመሪያ ይህን እዩ።

ልምምድ ላይ 10 ሕመምተኛ መርምሬ በጽሑፍ ማስረከብ ነበረብኝ። ወረቀቱን በዕለቱ አስፈርሙ። በኋላ ፈራሚውን ፍለጋ መዞር የኮርሱን ማጠናቀቂያ በሳምንታት ያዘገያል።

ፈተናውን ከወደቃችሁ 15 ቀን ትጠብቃላችሁ። ሦስት ጊዜ ከወደቁ በኋላ ተጨማሪ ሥልጠና ይጠየቃል፣ ከዚያ ሌላ ሦስት ዕድል አለ። ይህ ሁሉ ኮርሱ ካለቀ በሁለት ዓመት ውስጥ መጠናቀቅ አለበት፤ ካለፈ ከዜሮ ይጀመራል። ስለዚህ «እንግሊዝኛዬን ላሻሽል» ብሎ ዓመት ማዘግየት ጎጂ ነው፤ ፈተናው በእንግሊዝኛ ቢሆንም ቃላቱ ኮርሱ እንዳለቀ ነው ትኩስ የሚሆኑት።

ካለፋችሁ በኋላ ድርጅት ፈልጉ። አሻራና የወንጀል ታሪክ ምርመራ አለ፤ መንዳት የሚፈልግ ደግሞ የአደጋ ጊዜ መኪና አነዳድ ኮርስ ይወስዳል። አሌክሳንድሪያ ኖሮ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለ ድርጅት መቀጠር የሚፈልግ የሜሪላንድን ፈቃድ ከዚያው ስቴት መሥሪያ ቤት ያወጣል፣ የቨርጂኒያው አይተካውም። ዋሽንግተን ዲሲም የራሱ አለው። ቅጥር ከመፈረም በፊት ድርጅቱ ፈቃዱን ከየትኛው ስቴት እንዳገኘ ጠይቁ።

የሬጂስትሪው ካርድ በየሁለት ዓመቱ መጋቢት 31 ላይ ያበቃል፣ በፈረንጆቹ ማርች ማለቴ ነው። ለማደስ 40 ሰዓት ትምህርት ያስፈልጋል፦ 20ው በአገር አቀፍ ደረጃ የተወሰነ፣ 10ሩ የስቴቱ ወይም የአካባቢው፣ 10ሩ በራስ ምርጫ። ሰርተፊኬቶቹን በተሰጡበት ቀን ፎቶ አንስቼ አካውንቱ ላይ እጭናለሁ፤ ርዕሱን፣ ሰዓቱንና ቀኑን ያልያዘ ወረቀት አይቆጠርምና በእጄ ሲደርስ እነዚህን ሦስቱን አያለሁ።